ባዶ ጀሪካን ይዘን የተራመድንባቸው ዓመታት

አሁን የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። አሶሳ ገበያው አጠገብ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር በተከራየነው ጠባብ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የረዘመ ሱሪ አሳጥራለሁ። ሥራው ይስማማኛል። አንገቴን ደፍቼ መኪናውን ስረግጥ ማንም አያናግረኝም፤ እኔም የማወራው ነገር መፈለግ የለብኝም። የሚከብደኝ ሰዎች የቀድሞ ሥራዬን ሲጠይቁኝ ነው። በቅርቡ አንዲት ደንበኛ የልጇን ዩኒፎርም እየለካሁ ሳለ፣ «ከዚህ በፊት ምን ትሠሪ ነበር?» አለችኝ።

«ከልጆች ጋር እራመድ ነበር።»

«ወዴት ለመሄድ?»

«ወዴትም።»

«ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ውይ! ለኔማ የዘንድሮው መንገዴ ብቻ ቢታሰብልኝ ፎቅ እሠራ ነበር» ብላ እስኪደክማት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። አልዋሸኋትም፤ ግን ግማሹን እንኳ አልነገርኳትም።

ይህን የምጽፈው በሲስተር ትርንጎ ምክንያት ነው። ሲስተር ትርንጎ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበሩ፤ ሥራ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሽኝት ተደረገላቸው፤ ሁሉም በየተራ እየተነሣ ተናገረ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ተነሣሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲስተር ግን ለስላሳ መጠጣቸውን እየቀዱ፣ «ተዉዋት፤ እሷ በጽሑፍ ታደርገዋለች» አሉ። እኔን ከጭንቅ ለማውጣት ያሉት ነው። እኔ ግን ቃል እንደገባሁ ቆጠርኩት።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካሉት የሰፋሪ አምባዎች በአንዱ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እናቴ ታማ ቤቱን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ነው። እናቴ ስትሻላት ጤና ጣቢያው ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ጠዋት ከአምባችን በእግሬ እመጣለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ አመሻሽ ላይ በእግሬ እመለሳለሁ። ከሰው ጋር የምለዋወጠው ሰላምታ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቶሎ እጨርሰዋለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ፣ ወደ ሲስተር ክፍል አልገባም ብላ ተቀምጣለች። እናቷ ትለምናታለች፣ ትቆጣታለች፣ ታለቅሳለች። ልጅቷ ጫማዋን ነው የምታየው። ሲስተር ወጡና አዩዋት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«አንች ልጅ፣ መወልወያውን አስቀምጭና ከዚች ልጅ ጋር እስከ ማንጎው ዛፍ ደርሳችሁ ኑ።»

«እኔ? ምን ልበላት?»

«ምንም።»

«ሲስተር፣ ምንም ሳልል እንዴት…»

«የሚያወራት ሰው ሞልቷል፤ ሰልችቷታል። አንች ደግሞ ዝም ማለት ይሳካልሻል። ሂዱ።»

ሄድን። እኔም ምንም አላልኩ፤ እሷም ምንም አላለች። ማንጎው ዛፍ ሥር ስንደርስ እኔ ልመለስ ስል እሷ ዛፉን አለፈች። ተከተልኳት። እስከ አጥሩ መጨረሻ ሄደን ተመለስን፤ ከዚያ እሷው ራሷ የሲስተርን በር ገፍታ ገባች። የኔ ሥራ የተጀመረው እንዲህ ነው። በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጤና ጣቢያው ውስጥ ለወጣቶች ፕሮጀክት ሲከፍት፣ ሲስተር ስሜን ሰጡ፤ «የእንቅስቃሴ ረዳት» ተባልኩ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም፤ ግን በወቅቱ ይገባ ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ ወረቀቶች ላይ እፈርማለሁ። ስለ ደመወዙ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ሲስተር ሥራውን ሲያስረዱኝ ከባድ ቃል አልተጠቀሙም። «ድባቴ የያዛት ልጅ መነሣት አትፈልግም፤» አሉኝ። «ስላልተነሣች ደግሞ ይብስባታል። ልቧን 'ደስ ይበልሽ' ብለን ማዘዝ አንችልም። እግሯን ግን ትንሽ በትንሽ ማስለመድ እንችላለን። እግር ሲለምድ እንቅልፍ ይመጣል፤ እንቅልፍ ሲመጣ ምግብ ይበላል፤ ልብ ከኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል።» ይህ ለሁሉም ብቻውን እንደማይበቃም ነግረውኛል። አንዳንዷ ሆስፒታል ካለው ሐኪም መድኃኒት ያስፈልጋታል፣ አንዳንዷ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣት ሰው፣ አንዳንዷ ሁሉም። የእኛ ድርሻ መራመዱ ነበር።

ከንግግራቸው ይልቅ የተማርኩት ከልማዳቸው ነው። የታመመች ልጅ ቤት ስንሄድ ደጃፍ ላይ ሳይደርሱ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ይፈታሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው ያስራሉ። መጀመሪያ ጫማቸው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደመጣ አይቶ፣ ነጠላውንም ሻሹንም አስተካክሎ እስኪረጋጋ ጊዜ እየሰጡ ነው። ልጅቷን ከቶውንም «ተነሺ» አይሏትም። እሳቸው ተነሥተው በሩ አጠገብ ቆመው ስለ ዝናብ ወይም ስለ ገበያ ከእናቲቱ ጋር ያወራሉ። «ምን ሆነሽ ነው?» ብለውም አይጠይቁም። የሚጠይቁት እንቅልፍና ምግብ ነው። ሲራመዱ ከልጅቷ ፊት አይቀድሙም፤ ጎኗ ናቸው፤ ያውም የታመመው ጉልበታቸው ትንሽ ያስነክሳቸዋል። «ፊት የሄድሽ እንደሆን ትጎትቻታለሽ፤ ኋላ የቀረሽ እንደሆን ትነጃታለሽ» ይሉኝ ነበር።

ፍጥነቱን የምናውቀው በድምፅ ነው። ልጅቷ እየተራመደች መዝፈን ከቻለች ዝግ ብለናል ማለት ነው፤ እንጨምራለን። ማውራት ካቃታት በዝቷል፤ እንቀንሳለን። ቃል እየተናገረች መዝፈን የሚያቅታት ቦታ ላይ ከቆየች እሱ ነው የምንፈልገው። ደግሞ ገና ሳይሰለቻቸው እንመልሳቸዋለን። እነሱ «ትንሽ እንጨምር» ሲሉ ሲስተር «ነገ» ይላሉ። ያ «ነገ» ለአንዳንዷ ልጅ ለብዙ ጊዜ የሰማችው የመጀመሪያው የሚጠበቅ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው አለቃችን ዳዊት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ሥራ ወዳድ ነበር። ቲሸርት አሠራልን፣ ኳስ ገዛልን፣ ፊሽካም አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ጾሬ የስደተኞች ጣቢያ ስንላክ ልጃገረዶቹን ሜዳ ላይ አሰልፎ ፊሽካውን እንድነፋ አዘዘኝ። እፍረቱ ገደለኝ፤ እንደምንም ነፋሁ። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ልጆች ናቸው። ግማሾቹ ባሉበት ቁጭ አሉ፤ አንዷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሲስተር መጥተው ፊሽካውን ከአንገቴ አወለቁና ኪሳቸው ከተቱት።

«ፊሽካው የት ገባ?» አለ ዳዊት በሌላው ቀን።

«ጠፋ» አሉ ሲስተር።

«ሌላ እገዛለሁ።»

«እሱም ይጠፋል» አሉት። ዳዊት አያቸው፤ ሳቀ። አልገዛም። ልጁ ሲነግሩት የሚሰማ ነበር፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ጾሬ ላይ ከዚያ በኋላ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው የሚያውቁትን ጨዋታ መጠየቅ። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ኳስ መወራወር። ስሙ ይለያያል እንጂ በየአገሩ አለ።

ከጾሬ ስመለስ የተመደብኩት ከአሶሳ ጫፍ ባለ የበርታ መንደር ነበር። ሐዋን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ሐዋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ምንም የደረሰባት ነገር አልነበረም፤ እናቷን ያስጨነቃትም ይህ ነው። ሰው አልሞተባትም፣ ማንም አልመታትም፣ ፈተና አልወደቀችም። ብቻ ቀስ በቀስ ንግግሯ አነሰ፣ ምግብ ተወች፣ ትምህርት ቤት ቀረች። ቁርኣን አስቀሩላት፤ ጥቂት ቀን ተሻላትና መልሶ ባሰባት። እናቷ አሚና ብዙም በዕድሜ አትበልጠኝም፤ ልጅ ሆና ነው የወለደቻት። አማርኛዋ እንደነገሩ ነው፤ የምትለው ግን ቁልጭ ያለ ነው። የመጀመሪያ ቀን «እትዬ አሚና» ስላት፣ «እትዬ ምንድነው? አሚና በይ። እኔ አላረጀም» አለችኝ። ቀጥላ ወደ ውስጥ እያመለከተች፣ «ልጅ አይበላም። ልጅ አያወራም። ግድግዳ ብቻ ያያል» አለች፤ ዓይኗ ሞላ።

አባቷ አቶ ኢብራሂም የማንጎ ነጋዴ ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር አወጡልን። ሐሳባቸውን ግን አልደበቁም። ድንበሩ ላይ ባለችው ኩርሙክ የምትኖር እህታቸው ለሐዋ የሚሆን ባል አግኝታ ነበር። «ቦታ ስትቀይር፣ የራሷ ቤት ሲኖራት ልቧ ይመለሳል» አሉ። «ከረመዳን በኋላ እንልካታለን።» ያን ጊዜ ረመዳን ሩቅ ነበር። ልጅቷ ግን ግድግዳው ሥር ተኝታ ይህን ሁሉ ትሰማለች። እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው ጊዜ ያለን፤ ይህን ሲስተርም እኔም አወቅን።

መራመዱን ስንነግራቸው አቶ ኢብራሂም ግራ ገባቸው። «ሴት ልጅ ባዶ እጇን መንገድ ላይ ምን ትሠራለች? ሰው ምን ይላል?» እውነታቸውን ነው። በዚያ መንደር እጇ ላይ ምንም ያልያዘች ልጃገረድ ወዴት ነሽ ትባላለች። የያዘች ግን አትጠየቅም፤ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ አሚና ከጓዳ ትንሿን ቢጫ ጀሪካን አምጥታ፣ «እንዲህስ?» አለች። አቶ ኢብራሂም ጢማቸውን እየዳሰሱ አሰቡ። «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሐዋና ሌሎች የመንደሩ ልጆች፣ እኔም ጭምር፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለን እስከ ወንዙ እንሄዳለን፤ ባዶውን ይዘን እንመለሳለን። መንደሩ ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ ግን ጀሪካኑ ስላለ ማንም ክፉ አይናገርም። መንገድ ዳር ቀርከሃ እየሰነጠቁ አጥር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ በየቀኑ ይጠይቁናል።

«ውሃው የታለ?»

«ጠጣነው!» ትላለች ነፊሳ። ነፊሳ የሐዋ ጎረቤትና የክፍሏ ልጅ ናት፤ ለሁለቱም የምታወራው እሷ ነበረች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! ለእርስዎም አላስተረፍንም፣ አፉ በሉን!»

ሐዋ ትሰማለች፤ አትስቅም። ጎኗ እሄዳለሁ። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። ብዙ ቀን እንዲህ ሄደን አንድ ጠዋት በድንገት ዘወር ብላ አየችኝ።

«አንቺ ሁልጊዜ ዝም ትያለሽ» አለችኝ። «ታመሽ ነው?»

ነፊሳ ጀሪካኗን ጥላ መንገዱ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «አይ፣ ተፈጥሮዬ ነው» አልኳት። ሐዋ አሰበችበትና፣ «ጥሩ፤ እኔ ግን ታምሜ ነው እንጂ ተፈጥሮዬ አይደለም» አለች። ይህን ለሲስተር ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ ወዲያ ሐዋ መናገር ጀመረች። ገንፎ አስጨመረች፤ አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤትም ታየች። አሚና ስታየኝ «አልሐምዱሊላህ» እያለች እጄን ትስመው ነበር፤ በእፍረት እሸሻታለሁ።

ከዚያ በጋው መጣና የመንደሩ የውሃ ቦኖ ተበላሸ። አሁን የምናገረው በሥራዬ ውስጥ ከገጠመኝ ሁሉ የከበደውን ነው።

ሲስተር ያኔ ጉልበታቸውን ለመታከም አዲስ አበባ ሄደው ነበር። እናቶቹ፣ «ልጆቹ ወንዝ ድረስ መሄዳቸው ካልቀረ ጀሪካኑን ሞልተው ይመለሱ» አሉ። ማናችንም ክፋት አላየንበትም። እኔም አላየሁ። ዳዊትማ ተደሰተ፤ «ጤናም ሆነ፣ ውሃም ሆነ» ብሎ ለበላዮቹ ጻፈ። ትንሿ ጀሪካን በትልቁ ተተካች። ትልቁ ሁለት ሆነ። በዚያ አገር ሴት ሁለት ጀሪካን የምትሸከመው በትከሻ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ትከሻ ላይ ይጋደማል፣ ጀሪካኖቹ ጫፍና ጫፉ ላይ ይንጠለጠላሉ። ሲራመዱ ያምራል። ነገር ግን እንጨት የተሸከመች ልጅ ጎኗ ሰው ማስጠጋት አትችልም። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ አንዷ ከዚያም ኋላ፤ በሰልፍ መሄድ ሆነ። የነፊሳ ቀልድ እንኳ ከፊት ወደ ኋላ አይደርስም። ሽማግሌው መጠየቅ ተዉ፤ ውሃው ይታያቸዋል።

ሐዋ ጥቂት ቀን ተሸከመች። ከዚያ አንድ ጠዋት አልመጣችም። ቤቷ ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ተኝታለች። በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ባሰባት። ውሃ እንኳ በአሚና ልመና ነው የምትጠጣው። አሚና የጀሪካን እንጨቷን ደጃፍ ላይ ጥላ፣ «ተሽሎት ነበር፤ ወላሂ ተሽሎት ነበር» እያለች ትደጋግማለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዝምታዬ ያኔ ለማንም አልጠቀመም።

ሲስተር ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። «ነገ አብሬያችሁ ልሂድ» ብቻ አሉ። ከሕክምና ገና የተመለሰ ጉልበታቸውን ይዘው ከልጆቹ ሰልፍ ኋላ ወንዝ ወርደው ወጡ። መንደሩ ጫፍ ላይ ድንጋይ አገኙና ተቀመጡ።

«አንች፣ ዛሬ ከልጆቹ አፍ ምን ሰማሽ?»

አሰብኩ። «ምንም።»

«እኔም ምንም አልሰማሁ።» ጉልበታቸውን አሹ። «እይ፣ እነዚህ ልጆች የታመሙት ሥራ አጥተው አይደለም። ድካም ቢፈውስ ኖሮ የዚህ አገር ሴት አንዷም አትታመምም ነበር። የሚያድነው እግር መንቀሳቀሱ ብቻ አይደለም፤ የራሷ የሆነ ሰዓት መሆኑ ነው፣ ጎኗ ሰው መኖሩ ነው። ያንን ነው እንጨቱ የወሰደብን።»

በዚያው ቀን አቶ ኢብራሂም ዘንድ ሄድን። ሰውየው አልተቆጡም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። «ሞከራችሁ፤ አላህ ይስጣችሁ» አሉ። «ረመዳን ደረሰ። ከዒድ በኋላ ኩርሙክ ትሄዳለች።»

ሲስተር የቀረበላቸውን ውሃ ጠጡና ጣሳውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «አቶ ኢብራሂም፣ ልጅዎን ወባ ቢይዛት ይድሯታል?»

«በወባማ እንዴት እድራለሁ? አሳክማታለሁ እንጂ።»

«ይህም እንደዚያው ሕመም ነው። የሚንቀጠቀጠው ልቧ ስለሆነ ነው የማይታየው።»

አቶ ኢብራሂም ጣሳውን መልሰው ሞሉላቸው። በመጨረሻ፣ «እስከ ዒድ» አሉ። «ከሕክምና በቀር ግን ከግቢዬ አትወጣም። እናቷም አብራት ትሁን።» ሲስተር በዚያው ሳምንት ሐዋን ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሐኪሙ አይቶ መድኃኒት ጀመረላት። ለእኔም በትሕትና እንዲህ አለኝ፤ «መድኃኒቱ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። እናንተ ሥራችሁን አታቋርጡ፤ ሁለቱ ይረዳዳሉ።»

እኛም የውሃውን ነገር ለእናቶቹ መልሰን በቀርከሃ በታጠረው የአሚና ግቢ ውስጥ ገመድ ዝላይ ጀመርን። ነፊሳና ሌሎቹ ይዘላሉ፤ ሐዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ማንም «ተነሺ» አላላትም። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ሲስተር የገመዱን አንድ ጫፍ፣ «እጄ ደከመኝ፣ እስቲ ያዥልኝ» ብለው ሰጧትና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሐዋ ተቀምጣ አዞረች። ገመዱ ዝቅ እያለ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ነፊሳን እግሯን ጠለፋት።

«ኧረ ሐዋ! ሰው ልትገድዪ ነው?» አለች ነፊሳ።

ሐዋ ተነሥታ ቆመች። ያን ቀን እስከ መጨረሻው ቆማ አዞረች። ሲስተር ወደ እሷ ዞር ብለው እንኳ አላዩም፤ እኔ ግን የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው እንደነበር አየሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባሚያ ስትከትፍ የነበረችው አሚና ቢላዋዋን አስቀመጠችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መጣች። «እኔ ልጅ ሆኜ ማንም አይችለኝም ነበር» አለች። ገባች። እውነትም ማንም አይችላትም። ሻሿ ወለቀ፤ ግድ አልሰጣትም። ልጆቹ በበርታኛ ይቆጥሩላታል፣ ያጨበጭባሉ፣ ሐዋ ገመዱን ታፈጥንባታለች። አሚና ተጠልፋ በአፍጢሟ ወደቀች። ያኔ ሐዋ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ፣ ሆዷን ይዛ። አሚና መሬት ላይ እንደተዘረጋች ቀና ብላ ሰማችው፤ መነሣት አልፈለገችም።

በዚህ ሁሉ መሐል አቶ ኢብራሂም በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደገቡ ማናችንም አላየንም። ሁሉም ቀጥ አለ። አሚና ብድግ ብላ ሻሿን ፈለገች። እኔ ግድግዳው ውስጥ መግባት ብችል እገባ ነበር። ሰውየው ሚስታቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ በመጨረሻ መሬት ላይ የወደቀውን ገመድ አዩ።

«አጭር ነው» አሉ።

ጓዳ ገብተው የማንጎ ጆንያ አይሱዙ ላይ የሚያስሩበትን ረጅሙን ገመድ አምጥተው ለሐዋ ሰጧት፤ ከዚያ ሰላት ለመስገድ ሄዱ።

ረመዳን ገባ፤ ጨዋታውን አቅልለን ዘለቅን። ዒድ አለፈ። ስለ ኩርሙክ ማንም አላነሣም፤ እኔ ደግሞ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ብዙ ቀን አምጬ አንድ ጠዋት አሚናን፣ «የኩርሙኩ ነገርስ?» አልኳት።

«ቀረ» አለች። «ኢብራሂም ለእህቱ ስልክ ደወለ። 'ልጄ ታሟል፣ ሕክምና ላይ ነው፤ ሰርግ የለም' አለ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ሰማሁ።» ቀጥላም፣ «ለእኔ እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም» አለችኝ። የያዘችውን ባሚያ አብሬያት ከተፍኩ።

ሐዋ ሙሉ በሙሉ ድናለች አልልም። ከበድ የሚላት ቀን አሁንም አለ። ያን ቀን የሚያያት ሰው ያውቃል፤ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ቃሏ ያጥራል። ልዩነቱ፣ አሁን እሷም ታውቀዋለች፤ ምን ማድረግ እንዳለባትም ታውቃለች። መድኃኒቷን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀንሶ አቆመላት። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ እኔ ያልደረስኩበት ክፍል። ነፊሳ ዛሬም ታወራላታለች፣ ግን መልስ የምታገኘው አሁን ነው።

ከዚያ በኋላ ባምባሲም ሠራሁ፤ ሌላ አለቃም መጣችልን፤ ጥሩ ሴት ነበረች። ሌሎችም ልጆች ነበሩ። ከአንዳንዶቹ ጋር ተሳክቶልናል፤ አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው ሌላ ቦታ ሄዶ መጨረሻቸውን አላየንም። በሄድኩበት ሁሉ ግን መጀመሪያ የማየው የልጆቹን እጅ ሆነ። የተሸከሙ እንደሆን ጎናቸው ሰው መቆም ይችል እንደሆነ አያለሁ። ይህን ያስተማረኝ የሐዋ መታመም ነው፤ የተማርኩበት ዋጋ ግን የእሷ ስለነበር ብዙ ጊዜ ያመኛል።

በቀረው አመስጋኝ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ያቆመች፣ ሰው ፊት ቃል የሚጠፋት ልጅ፣ ዝምታዋ ለሥራ የሚሆንበት ቦታ አገኘች። ከወለል መወልወል አንሥተው ጎናቸው ያቆሙኝ ሲስተር ትርንጎ ናቸው። ሽኝቱ ቀን ልናገር የፈለግኩት ይህንን ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት፣ ሲስተር።

ፕሮጀክቱ የተዘጋው ሲስተር ጡረታ በወጡበት ሰሞን ነው። ቢሮው ንብረቱን አስረከበ፤ እኔም የልብስ ስፌት ሥልጠናዬን ጨርሼ ስለነበር ሥራ አልፈታሁም። በመጨረሻው ቀን መንደሩን ለመሰናበት ሄድኩ። ሐዋ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር፤ እንደ ልማዳችን ወንዙ ድረስ ሄድን፤ ባዶ እጃችንን ነበርን፣ ማንም ወዴት ናችሁ አላለንም። ስንመለስ ፕሮጀክቱ እንዳበቃ፣ ከዚህ በኋላ ገበያው አጠገብ ልብስ እንደምሰፋ፣ ሥራው ጠዋት እንደሚጀመር እየተንተባተብኩ ነገርኳት። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበር፤ ግማሹ ጠፋኝ።

ሐዋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ቅዳሜ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«ሐዋ፣ ነገርኩሽ እኮ፤ ፕሮጀክቱ…»

«ስለ ፕሮጀክቱ አልጠየቅኩሽም» አለች። «አንቺ ትመጫለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ቅዳሜ ስፌት ቤቱን ዘግይቼ ከፈትኩ።